ባንክ ለቅቄ የሰፈር ልማት ሥራ ልግባ? (ጅማ)

የአዌቱ ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ጅማ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ ነኝ፤ 31 ዓመቴ ነው። አንድ ባንክ ውስጥ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። አምና የሰፈራችን እድር ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። "መዝገብ መያዝ ብቻ ነው፣ ጽሕፈትህ ያምራል" ብለውኝ ነበር። ክረምት ላይ የአዌቱ ወንዝ ሲሞላ ከታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ውኃ ገባ። የእድሩን ድንኳን አውጥተን የሰው ዕቃ አስጠለልንበት፤ በማግስቱ ወጣቶቹን ይዤ ቦይ አስጠረግሁ፤ ቀበሌ ተመላልሼ የቆሻሻ ገንዳው እንዲነሳ ጨቀጨቅሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው መብራት ሲጠፋበትም የሚደውለው ለእኔ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል። መስኮት ኋላ ቁጭ ብዬ ተራ ቁጥር ስጠራ ስውል እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም።

አሁን አንድ ትንሽ አገር በቀል ድርጅት "የሰፈር ልማት አስተባባሪ ሆነህ ግባ" ብሎኛል። ደመወዙ ከባንኩ በሲሶ ያንሳል፣ ኮንትራቱ የ2 ዓመት ነው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። አባቴ ደግሞ "ሰፈር ይገለገላል እንጂ ሰፈር ደመወዝ አይከፍልም" ብሎ ፊቱን አዙሮብኛል።

በዚህ ሥራ የቆያችሁ ሰዎች፣ እንጀራ ይሆናል ወይ? ከ15 ዓመት በኋላ ሰው የት ይደርሳል?

ቦሳ ቂጦ፦

ወንድሜ አትልቀቅ። የ2 ዓመት ፕሮጀክት ማለት 6 ወር ቅጥርና ኪክ ኦፍ (ማስጀመሪያ)፣ 1 ዓመት ሥራ፣ 6 ወር ፌዝ አውት (ዘግቶ መውጫ) ማለት ነው። ሦስት ድርጅት ቀያይሬያለሁ፣ ሦስቱም ዘግተዋል። በመጨረሻው ክፍያ ባጃጅ ገዛሁ። ባጃጅ ፌዝ አውት የለውም።

የመንደራ እናት፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የቦሳ ቂጦንም አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ውሸት የለበትም። እኔ ግን 22 ዓመት ቆይቼ ነው የወጣሁት፣ ባጃጅም አልገዛሁም። የኔን ልንገርህና አንተ ትፈርዳለህ።

የጀመርኩት በ1994 በበጎ ፈቃደኝነት ነው። አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ። የእድር ጥሩምባ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይነፋ ነበር። ድንኳኑ ሳይደርቅ ይጠቀለልና ሌላ ደጃፍ ላይ ይተከላል። ሰው "ሳንባ ነው"፣ "ወባ ነው" ይላል እንጂ በሽታውን በስሙ አይጠራም። እኛ ቤት ለቤት እየዞርን የታመመ እናጥባለን፣ አንሶላ እንቀይራለን፣ አጥሚት እናጠጣለን። የኤችአይቪ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው ጥር 1997 ነው፤ እስከዚያ ሥራችን ሰው ብቻውን እንዳይሞት ማድረግ ነበር። አንድ እሑድ የእድራችን ዳኛ የወጪ መዝገቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩ ቆዩና "ለቀብር ያወጣነውን ያህል ለቀሩት ልጆች አውጥተን እናውቃለን?" አሉ። ማንም አልመለሰም። በሚቀጥለው ወር መዋጮው ላይ ትንሽ ተጨምሮ ለ9 ልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ተገዛ። ከዚያ በኋላ የወሰድኩት ሥልጠና ብዙ ነው፣ ሰርተፍኬቱ አንድ ካርቶን ይሞላል፤ እንደዚያ መዝገብ ያስተማረኝ ግን የለም።

በ1999 ፋሲሊቴተር ሆኜ ተቀጠርኩ። በ2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621 ወጣ። ከገቢው ከ10 ከመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ተባለ። ሰነዶቻችን ላይ "የሕፃናት መብት" የሚለውን እየሠረዝን "የሕፃናት ድጋፍ" ስንል አንድ ሌሊት ሙሉ አደርን። ልጆቹ ያው ልጆች ነበሩ። ቀጥሎ የአስተዳደር ወጪ ከ30 ከመቶ እንዳይበልጥ የሚለው መጣ፤ እሱ ብቻውን ክፋት አልነበረውም፣ ግን ሥልጠናውም ትራንስፖርቱም እንደ አስተዳደር ወጪ ተቆጠረ። የእኛ ሥራ ደግሞ መሄድና ሰው ማነጋገር ነው። ስለዚህ ወደ ግንብ ዞርን። ግንብ ፕሮግራም ይባላል፣ ስብሰባ አስተዳደር ይባላል። በ2011 አዋጅ 1113 ያንን አስተካክሎታል። አሁን ጣሪያው 20 ከመቶ ነው፤ ሆኖም ለፕሮጀክቱ ሥራ የወጣው አስተዳደር አይባልም።

ግንብ ካልኩ አይቀር ስለ ሽንት ቤቱ ልንገርህ፤ ከሠራሁት ሁሉ ከዚያ የበለጠ ያሳፈረኝ የለም።

ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ አራት ክፍል ያለው የጋራ ሽንት ቤት ሠራን። ብሎኬት ነው፣ ቆርቆሮው ያበራል፣ በሮቹ ሰማያዊ ተቀቡ። ለምርቃቱ ሪባን ተቆረጠ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ፎቶው የዓመቱ ሪፖርት ሽፋን ሆነ። ነገር እንዳይበዛ ብለን ለአራቱም በር በአንድ ቁልፍ የሚከፈት ጓጉንቸር ገዛንና ቁልፉን ለጋሬው (ከቀበሌ በታች ላለው የጎረቤት አደረጃጀት) ሰብሳቢ ሰጠን። ሰብሳቢው መጥፎ ሰው አልነበረም። ኅዳር ሲገባ ግን ለቡና ለቀማ ወደ ዘመዶቹ አገር፣ ጎማ ወረዳ ሄደ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እንዳለ። 11 ቀን ቆየ። በአሥራ አንዱ ቀን ውስጥ አንዲት ባልቴት ሌሊት ወደ ቦዩ ሲወርዱ አዳልጧቸው እጃቸው ተሰበረ። ሴቶቹ ጓጉንቸሩን በድንጋይ ሰበሩት። እኔ ይህን የሰማሁት ከወር በኋላ የተጠቃሚ ቁጥር ልቆጥር ስሄድ ነው። ፎርሙን ይዤ ቆሜ ሳለ እኚያ ባልቴት እጃቸውን በነጠላ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው "ነይ እስቲ፣ እኔንም ጻፊኝ" አሉኝ።

በሁለተኛው ዓመት ጉድጓዱ ሞላ። ሽንት ቤት የሚመጥጠው ቦቴ መጣና መንገዱ ጠበበው፤ ቱቦው ቢዘረጋም አልደረሰም። ምን ያህል እንደጎደለ በእግሬ ለካሁት፤ 23 እርምጃ። ፕላኑ ሲሣል ማናችንም ያንን 23 እርምጃ አልተራመድነውም።

አርፌ መስማት የጀመርኩት ያኔ ነው። ከሴቶቹ ጋር ቡና ላይ ተቀመጥኩ። አቦሉ ላይ ሁሉም ስለ ልጆቿ ነው የምታወራው፤ ነገር የሚወጣው ቶናው ላይ ነው። አንዷ "በታች በኩል ያለው ሰውዬ አጥሩን ለግማሽ ቀን ቢከፍት ቱቦው በጓሮ ይደርሳል" አለች። ሌሎቹ ዝም። ለካ ሰውዬው እዚያው ከተቀመጡት ከአንዷ ጋር በወሰን ተኳርፈው 3 ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌ ተላከ፣ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ፣ ታረቁ፣ አጥሩ ተከፈተ። የሽምግልና ሁለት ቅዳሜ ሎግ ፍሬም (የፕሮጀክቱ ዕቅድ ሠንጠረዥ) ላይ የት እንደሚጻፍ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ከዚያ ቁልፍ ለየቤቱ ይባዛ ተባለ። ለማስመጠጫ በወር ትንሽ ትንሽ ማዋጣት ጀመሩ፤ ገንዘቡን አንዷ፣ መዝገቡን ሌላዋ ያዘች። በርጩማ የሚሠራ አናጢ ከዋንዛ ትርፍራፊ ለያንዳንዱ ቁልፍ መያዣ ጠረበና የቤት ቁጥር ቀረጸበት። አንዷ ከተማ ስትለቅ የራሷን ሰጠችኝ፤ ምድጃዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፣ ጭስ አጥቁሯታል። ሽንት ቤቱ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተመጥጦ አገልግሏል። ሰማያዊው ቀለም ለቋል።

የሚያንጠባጥብ ባልዲ የሚባል ዘዴም ተምረን ነበር። መሬት ላይ ባልዲ ትሥላለህ፤ ወደ ሰፈሩ የሚገባ ገንዘብ በላይ፣ የሚወጣው በታች። እኛ ለሚገባው የቡና ፍሬ፣ ለሚወጣው በቆሎ አደረግን። ሁሉም "ገቢ የለንም" ብሎ ነበር የተቀመጠው። በቆሎው ተከምሮ ሲያዩ ግን፣ ከሰሉ! በጣሳ በጣሳ እየገዙ ከጆንያው ዋጋ በላይ ይከፍላሉ። ራስ አገዝ ቡድኑ ከቁጠባው አውጥቶ በጆንያ እያመጣ ለአባላቱ አከፋፈለ። ሌላ ምንም አላደረግንም፣ አንድም ዶነር አልገባበትም። የጫቱን በቆሎ ባሎቹ ሰብስበው ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ የተነሳውን ሳቅ ግን አልረሳውም።

አንድ ጊዜ ለልምድ ልውውጥ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወስደውን ነበር፤ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ የሠሩበት ሰፈር ነው። ነርስ ነበሩ፤ በደርግ ዘመን 5 ዓመት ታስረው ከወጡ በኋላ ነው የደሃ ሰፈር ማሻሻል ሥራ ውስጥ የገቡት። ቤት ሳይፈርስ ጥገና፣ የድንጋይ መንገድ፣ የጋራ ኩሽና፣ ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ሁሉም አንድ ላይ። እኔ ያየሁት የሰዎቹን አነጋገር ነው። "ፕሮጀክቱ ሠራልን" ሲሉ አልሰማሁም፤ "ይኼን ያደረግነው እንዲህ ሆኖብን ነው" ይላሉ። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለዚያ ሳስብ መጣሁ።

የጠየቅከውን አልረሳሁትም። እንጀራ ይሆናል። ቅቤ ያለው አይደለም። አንድ ፕሮጀክት አልቆ ሌላው ሳይፈረም 4 ወር ያለ ደመወዝ ተቀምጫለሁ፤ የሰፈሬ ባለ ሱቅ በዱቤ አቆየኝ፣ ዘይት ልገዛ ስገባ ግን ዓይኑን ማየት ያሳፍረኝ ነበር። ባለቤቴ መምህር ስለነበር ነው የተረፍነው። ባለቤትህ ሥራ ከሌላት ይህንን አብራችሁ አስቡበት፣ ብቻህን አትወስን።

የት ይደርሳል ላልከው፣ እኔ በ2006 ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። የድርጅቱን ማኅተም ተረከብኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። 6 ዓመት እዚያው ነበር። በ2012 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና አድርጌ ስተኛ ደመወዝ መክፈያ ቀን ደረሰ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ፔይሮሉን ይዛ አልጋዬ ድረስ መጣች። ግሉኮስ በአንድ እጄ፣ ማኅተም በሌላው፣ ትራሱ ላይ አስደግፌ መታሁት፤ ቀለሙ አንሶላው ላይ ተገለበጠ። ሊጠይቁኝ መጥተው ከነበሩት የሽንት ቤቱ ሴቶች አንዷ አየችና "ውይ! የኛን ቁልፍ አባዝተሽ የራስሽን ደበቅሽ?" አለችኝ። ስፌቱ እያመመኝ ሳቅሁ። ሲመሽ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ ቼክ ላይ ሁለተኛ ፈራሚ ገባ፣ ማኅተሙ ቢሮ ካዝና ውስጥ ተቀመጠ፣ ምክትል ተሾመ። ለመልቀቅ 4 ዓመት ፈጀብኝ። ምክትሉና ቦርዱ ያለእኔ የወሰኑትን የመጀመሪያ ነገር ስሰማ ተናድጄ ቤቴ ገባሁና ምንጣፍ ሳይቀር አውጥቼ አጠብኩ። ውሳኔያቸው ልክ ነበር፤ ይህን ግን ለእነሱ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ሒሳብ ያዥ፦

የእትዬን ጽሑፍ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብለን አነበብነው። እኔ በሙያዬ ትንሽ ልጨምር። ከመፈረምህ በፊት ኮንትራቱ ላይ ጡረታ መኖሩን እይ፤ 7 ከመቶ ካንተ፣ 11 ከመቶ ከአሠሪው ነው። በጡረታ ፋንታ ፕሮቪደንት ፈንድ (የሠራተኛ የቁጠባ ፈንድ) ካላቸው ከባንኩ የ7 ዓመት አገልግሎትህ ጋር እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ ይንገሩህ። የመጨረሻውን ኦዲት ሪፖርት አሳዩኝ በል፤ የባንክ ሰው ነህ፣ አንብበህ ይገባሃል። ሊያሳዩህ ካመነቱ መልሱን አግኝተሃል።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ድንጋይ የሚያወርደው የቀን ሠራተኛ ደረሰኝ የለውም። በስም ዝርዝርና በፊርማ ወይም በጣት አሻራ ነው የሚከፈለው። ያንን ወረቀት በዝናብ ሜዳ ላይ የምታስፈርመው አንተ ነህ፤ ላስቲክ መያዝ እንዳትረሳ።

ከዱራሜ ወዲህ፦

እኔ ከምባታ ነኝ፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ እዚሁ ቀርቻለሁ። ተማሪ ሳለን ለማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ሰፈር ውስጥ አሠማርተውን ቤት ለቤት መጠይቅ ስንሞላ አንዲት እናት "አምናም ጠይቃችሁኝ ነበር፣ መልሱ ጠፋባችሁ?" ያሉኝ አይረሳኝም።

የእትዬ ነገር ቦጋለች ገብሬን አስታወሰኝ። እኛ አገር ሁሉም የሚያውቀው ታሪክ ነው። ከአሜሪካ ተመልሳ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ልታነጋግር ስትመጣ ሰው የጠየቃት ድልድይ ነው። ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴ ገበያ የሚሻገርበት። መጀመሪያ ድልድዩ ተሠራ፤ ከዚያ በኋላ ነው የግርዛቱን ወሬ ቁጭ ብለው የሰሟት። አስተባባሪ ከሆንክ ሰዎቹ የሚጠይቁህ ነገር በጀትህ ውስጥ አይኖርም፤ እሱን ጠብቅ።

ቦሳ ቂጦ፦

እትዬ፣ እኔ የሠራሁባቸው ቦታዎች አንድም ሰው ቶናው ድረስ አይቆይም ነበር። አበል ይፈረምና ይኬዳል። ባጃጄን አልሸጥም፣ ግን ልጁን "አትልቀቅ" ያልኩትን ግማሹን አንስቼዋለሁ።

የአዌቱ ማዶ፦

እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ሁላችሁም። ያነበብኩትን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ ስለ ባለ ሱቁ ስደርስ ዝም አለች፣ ስለ ምንጣፉ ስደርስ ሳቀች። እሷ ፋርማሲ ተቀጥራ ትሠራለች፣ ከወሊድ በኋላም ትመለሳለች። ሒሳብ ያዥ እንዳልከው ኦዲቱን ጠየቅሁ፤ በማግስቱ ሰጡኝ፣ ንጹሕ ነው። ጡረታም ይከፍላሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ገና ሳልፈርም እሑድ ከእድሩ ስብሰባ በኋላ ነዋሪውን ሰብስቤ ፕሮጀክቱን እንዳስተዋውቅ ድርጅቱ ይፈልጋል። በጀቱ ኮብልስቶን ነው ይላል። በምን ልጀምር?

የመንደራ እናት፦

ኮብልስቶን ከሆነ ስብሰባውን ተወውና መጀመሪያ መንገዱን ሒድበት። አንዴ በጠዋት ውኃ ቀጂዎቹ ከቦኖው ሲመለሱ፣ አንዴ ዝናብ ሲጥል። ውኃው የት እንደሚሄድ ሳታይ ድንጋይ ካነጠፍክ የላይኛውን ሰፈር ጎርፍ የታችኞቹ ቤት ውስጥ ታስገባዋለህ፤ ባለፈው ክረምት ዕቃ ያወጣህላቸው ሰዎች መሆናቸውን አትርሳ።

ስብሰባው ላይ ደግሞ በአፋን ኦሮሞ ጀምር፣ ከዚያ በአማርኛ ድገመው። የእናንተ እድር እንደኛው ከሆነ ኦሮሞውም ዳውሮውም የሙም ጉራጌውም አለበት፤ ዳር የተቀመጠው ያልገባው መስሎ ከታየህ ቆም በል። ባነር አትስቀል። በጀቱ ስንት እንደሆነ ከጠየቁህ ቁጥሩን ንገራቸው፣ አትደብቅ፤ የተደበቀ በጀት ሰፈር ውስጥ ሦስት እጥፍ ሆኖ ነው የሚወራው።

አንድ ነገር ብቻ እኔም ልጠይቅህ። የእድሩ መዝገብ አሁን የት ነው ያለው?

የአዌቱ ማዶ፦

እኔ ቤት። ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ባለቤቴም ጋ የለም።

ዛሬ ማታ ለገንዘብ ያዡ አንዱን አስባዛለሁ።